ከነተከራዩ የሚሸጥ የአሜሪካ ሱቅ፦ ከአገሪቱ ውጭ ሆኖ ለሚገዛ ሰው የቀረበ ግምገማ

በአሜሪካ የንብረት ገበያ ውስጥ ከአገሪቱ ውጭ ለሚኖር ገዢ አዘውትሮ የሚቀርብ አንድ ዕቃ አለ፤ እርሱም ከነተከራዩ የሚሸጥ ነጠላ የችርቻሮ ሕንፃ ነው። በውስጡ የዶላር ጄኔራል የርካሽ ዕቃ መደብር፣ የዎልግሪንስ መድኃኒት ቤት፣ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ወይም ፈጣን ምግብ ቤት ይኖራል። ተከራዩ ለ10 ወይም ለ15 ዓመት የሚጸና ውል ፈርሟል። ውሉ ትሪፕል ኔት የሚባለው ሲሆን፣ የንብረት ግብሩን፣ ኢንሹራንሱንና ጥገናውን ተከራዩ ከኪራዩ በተጨማሪ ይሸፍናል። ደላሎች በማስታወቂያቸው የሚጽፉት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ባለንብረቱ ምንም ሥራ የለበትም፣ ወር በገባ ቁጥር ኪራዩ ባንክ ይገባል ይላሉ። በዱባይ፣ በለንደን፣ በቶሮንቶ ወይም በስቶክሆልም ዓመታት ሠርቶ ጥሪት የያዘ ወገናችን ይህን ሲሰማ ልቡ ቢሳብ አያስገርምም።

ይህን የምጽፈው ከአሜሪካ ውጭ እየኖርኩ፣ ሜሪላንድ ካለ ዘመዴ ጋር በሽርክና፣ በአንድ የደቡብ ግዛት በሚገኝ እንዲህ ባለ ሕንፃ ላይ ድርሻ ያለኝ ሰው ሆኜ ነው። የእኛን ተከራይም ሆነ ደላላችንን በስም አልጠራም፤ በስም የማነሣቸው ድርጅቶች ጉዳያቸው በአደባባይ የታወቀ ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፤ ዕቃው መጥፎ አይደለም፣ ነገር ግን ከውጭ ለሚገዛ ሰው ከሚነገረው በላይ ውድ ነው። አብዛኛው ገዢ ደግሞ ዋጋውን የሚተምነው በበሩ ላይ በተሰቀለው ስም ነው፤ እኔ ግን መተመን ያለበት ስሙ ከወረደ በኋላ በሚቀረው መሬትና ግድግዳ ነው እላለሁ።

በመጀመሪያ የዋጋውን አወጣጥ እንመልከት። ሻጩ የዓመቱን የተጣራ ኪራይ ካፕ ሬት በሚባለው መቶኛ፣ ማለትም ገዢው ከከፈለው ዋጋ በዓመት በሚያገኘው የኪራይ መጠን፣ አካፍሎ ዋጋውን ያወጣል። ለምሳሌ ያህል ዓመታዊ ኪራዩ 112,000 ዶላር የሆነ ሕንፃ በ7 በመቶ ሲሰላ 1.6 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። ያው ኪራይ፣ ያው ተከራይ፣ ያው ሕንፃ በ5.5 በመቶ ቢሰላ ደግሞ ዋጋው ወደ 2 ሚሊዮን 36 ሺህ ዶላር ይወጣል። ይህ ልዩነት የሂሳብ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ከማርች 2022 ጀምሮ ከዜሮ አጠገብ የነበረውን የወለድ ተመን እያሳደገ በጁላይ 2023 ከ5.25 እስከ 5.50 በመቶ ሲያደርሰው፣ ወለድ ርካሽ በነበረበት ዘመን በዝቅተኛ ካፕ ሬት የገዙ ሰዎች ተከራያቸው አንድ ቀን እንኳ ሳያዘገይ እየከፈላቸው የሕንፃቸው የገበያ ዋጋ ሲወርድ አይተዋል። በምሳሌያችን መሠረት ካፕ ሬቱ ከ5.5 ወደ 7 በመቶ ሲወጣ ንብረቱ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። ስለዚህ ይህ ዕቃ ከቤት ይልቅ ለረጅም ጊዜ ከተቆለፈ የመንግሥት ቦንድ ጋር ይቀራረባል፤ የወለድ ተመን ሲወጣ ዋጋው ይወርዳል፣ ተመኑ ሲወርድ ዋጋው ይወጣል።

ከቦንድ ጋር የሚያመሳስለው ሌላም ነገር አለ። ብዙ የዚህ ዓይነት ውሎች በዋናው የውል ዘመን ኪራዩን አያሳድጉም፣ ወይም በየአምስት ዓመቱ ጥቂት ብቻ ይጨምራሉ። ለ15 ዓመት ባለበት የሚቆይ 112,000 ዶላር ኪራይ፣ የዋጋ ንረቱ በዓመት 3 በመቶ ቢሆን፣ በመጨረሻው የሚኖረው የመግዛት አቅም ዛሬ 72 ሺህ ዶላር ገደማ ካለው አይበልጥም። አገር ቤት በየጊዜው ኪራይ የሚጨምር አከራይ ማየት ለለመደ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ የመርካቶ አከራይ እንዲህ ያለ ውል ቢቀርብለት ቀልድ ይመስለዋል። በአሜሪካ ግን የገበያው ደንብ ነው፤ የኪራይ ዕድገት የሌለበትን ውል ዕድገት ካለበት ጋር በአንድ ካፕ ሬት የሚገዛ ሰው እያወቀ ገንዘቡን ይሰጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ዶላር ጄኔራል በ1939 በኬንታኪ ግዛት ስኮትስቪል ከተማ ከተጀመረ አነስተኛ ንግድ ተነሥቶ ዛሬ ከ20,000 በላይ መደብሮች ያሉት ድርጅት ሲሆን፣ ከመደብሮቹ 80 በመቶ ያህሉ የሚገኙት 20,000 ወይም ከዚያ ያነሰ ነዋሪ ባለባቸው ከተሞች ነው። ለነጋዴው ይህ ብልህነት ነው፤ ትልቅ ሱፐርማርኬት ለመክፈት የማያዋጣበት ቦታ ስለሚገባ ተፎካካሪው ጥቂት ነው። ለሕንፃው ባለቤት ግን ተቃራኒ ትርጉም አለው። አንዱ ተከራይ ከወጣ ያን 9,100 ስኩዌር ጫማ፣ ማለትም 845 ካሬ ሜትር የሚሆን የብረት ሣጥን፣ በዚያች ከተማ ማን ይከራየዋል? ኪራዩ በዓመት በስኩዌር ጫማ 12 ዶላር ገደማ ከነበረ በኋላ የአካባቢው ገበያ 6 ዶላር ብቻ የሚከፍል ቢሆን፣ የዓመቱ ገቢ ወደ 54,600 ዶላር ይወርዳል። እንዲህ ያለውን ደካማ ተከራይ ገዢው በ9 በመቶ ስለሚያሰላው፣ በ1.6 ሚሊዮን የተገዛው ሕንፃ ከ600 ሺህ ዶላር ብዙም የማይበልጥ ዋጋ ይኖረዋል። አዲስ ተከራይ እስኪገኝ ባዶ የሚቆይበት ጊዜ፣ የደላላ ክፍያውና የውስጥ ማስተካከያ ወጪው ገና አልተቆጠሩም፤ ግብሩና ኢንሹራንሱም ባዶ በሆነበት ጊዜ ወደ ባለቤቱ ይዞራሉ። እኔ ለአንድ ሕንፃ ዋጋ ከመስጠቴ በፊት ይህን ስሌት መጀመሪያ እሠራለሁ፤ ሁለቱ ዋጋዎች በተራራቁ ቁጥር ፍላጎቴ ይቀንሳል።

ተከራዩ ትልቅ ስለሆነ አይወጣም የሚለው መከራከሪያ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ክፉኛ ተፈትኗል። የመድኃኒት ቤት ሕንፃዎች ለረጅም ጊዜ የዚህ ገበያ ወርቅ ይባሉ ነበር። ዎልግሪንስ በኦክቶበር 2024 በሦስት ዓመት ውስጥ 1,200 ያህል መደብሮቹን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ኤስ ኤንድ ፒ የተባለው የብድር ደረጃ አውጪ ድርጅት ደረጃውን አስተማማኝ ከሚባለው ክልል አውርዶት ነበር፤ በ2025 ደግሞ ሲካሞር ፓርትነርስ የተባለ የግል ኢንቨስትመንት ድርጅት ገዝቶት ከአክሲዮን ገበያ ወጣ። ሌላው የመድኃኒት ቤት ድርጅት ራይት ኤይድ በኦክቶበር 2023 የኪሳራ ጥበቃ፣ ማለትም ዕዳ መክፈል ላቃተው ድርጅት ፍርድ ቤት የሚሰጠውን ከለላ፣ ጠየቀ፤ ከዚያ ወጥቶ በሜይ 2025 ሁለተኛ ጊዜ ጠየቀ፤ በዚያው ዓመት የቀሩትን መደብሮች በሙሉ ዘጋ። የፋሚሊ ዶላር ባለቤት የነበረው ዶላር ትሪ በማርች 2024 ወደ 1,000 የሚጠጉ መደብሮችን እንደሚዘጋ ተናገረ፤ ከእነዚህ ከፊሎቹ የሚዘጉት የኪራይ ውላቸው ባለቀ ጊዜ እንደሆነም ገለጸ። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ድርጅቱ ሳይከስርም፣ ውሉን ሳያፈርስም፣ ቀኑ ሲደርስ ቁልፉን አስረክቦ ሊሄድ መብቱ ነው።

የሬድ ሎብስተር ምግብ ቤቶች ታሪክ ደግሞ የኪራዩ ልክ ራሱ ተከራዩን እንዴት እንደሚጎዳ ያሳያል። በ2014 ጎልደን ጌት ካፒታል የተባለ የግል ኢንቨስትመንት ድርጅት ሬድ ሎብስተርን ከባለቤቱ ከዳርደን በ2.1 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ፣ 500 ያህል ምግብ ቤቶች የቆሙበትን ንብረት በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ሸጦ ያንኑ ገንዘብ ለግዢው ተጠቀመበት፤ ምግብ ቤቶቹም በራሳቸው ቤት ተከራይ ሆኑ። ድርጅቱ በሜይ 2024 የኪሳራ ጥበቃ ሲጠይቅ ምክንያቶቹ ብዙ ነበሩ፤ ከገበያው በላይ የሆነ ኪራይ ግን አንዱ ነበር። ከዚህ የተማርኩት ከፍተኛ ኪራይ ለአከራዩ ሁልጊዜ መልካም ዜና እንዳልሆነ ነው። መሬቱና ሕንፃው ተሽጦ መልሶ በሻጩ የሚከራይ ከሆነ፣ ሻጩ የሽያጩን ዋጋ ለማሳበጥ ኪራዩን ከፍ አድርጎ ሊጽፈው ይችላልና፣ ኪራዩ ከጎረቤት ሱቆች ጋር ሳይነጻጸር መፈረም የለበትም።

ተከራዩ በእርግጥ ቢከስርስ? የአሜሪካ የኪሳራ ሕግ ተከራዩ የማይፈልገውን የኪራይ ውል እንዲተው ይፈቅድለታል፤ አከራዩ ከቀረው የውል ዘመን ላይ ሊጠይቅ የሚችለውንም በገደብ ያስቀምጣል። ገደቡ የአንድ ዓመት ኪራይ ወይም ከቀረው ዘመን ኪራይ 15 በመቶው፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ነው፤ 15 በመቶው ግን ከሦስት ዓመት ኪራይ መብለጥ አይችልም። አሥር ዓመት በቀረው በምሳሌያችን ውል፣ በወረቀት ላይ 1 ሚሊዮን 120 ሺህ ዶላር የሚመስለው ተስፋ ካልተከፈለው ውዝፍ በተጨማሪ ወደ 168,000 ዶላር ጥያቄ ይወርዳል። ያም ቢሆን መያዣ ከሌላቸው ሌሎች አበዳሪዎች ጋር ተሰልፎ የሚጠበቅ እንጂ በእጅ የገባ ገንዘብ አይደለም። ደላላው የ15 ዓመት ዋስትና ሲል ይህን ሕግ አብሮ አይጠቅሰውም።

ውሉን ማንበብ ሌላው ትልቅ ሥራ ነው፤ የእኛ ከስድሳ ገጽ በላይ ነበር፣ ማስታወቂያው ግን በአንድ መስመር ጠቅልሎት ነበር። መጀመሪያ የሚታየው ፈራሚው ማን እንደሆነ ነው። በአንድ ፈጣን ምግብ ቤት ጣሪያ ላይ የታወቀ ምልክት ስላለ ውሉን የፈረመው የምልክቱ ባለቤት ነው ማለት አይቻልም፤ ብዙ ጊዜ ፈራሚው ጥቂት ቅርንጫፎች ያሉት የፍራንቻይዝ ባለመብት፣ ማለትም በምልክቱ የመነገድ ፈቃድ የገዛ ሰው፣ ያቋቋመው አነስተኛ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ነው። ቀጥሎ ትሪፕል ኔት የሚለው ቃል እስከ የት እንደሚሄድ መታየት አለበት። አንዳንድ ውሎች ጣሪያውን፣ የሕንፃውን ምሰሶና የመኪና ማቆሚያውን አስፋልት በአከራዩ ላይ ይተዋሉ፤ እንዲህ ያለው በትክክለኛ ስሙ ድርብ ኔት ይባላል፤ በማስታወቂያ ግን ሦስተኛው ኔት በነፃ ሲጨመርለት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ያገለገለ ጣሪያ ያለው ድርብ ኔት ሕንፃ፣ ምንም ሥራ የለበትም የተባለውን ባለቤት በአንድ ክረምት የበርካታ ወራት ኪራይ ሊያስከፍለው ይችላል።

ከዚያ በኋላ ተከራዩ ኪራዩን እየከፈለ ሱቁን ዘግቶ መሄድ ይችል እንደሆነ ይታያል። ብዙ ትላልቅ ድርጅቶች ይህን መብት ያስጽፋሉ፤ ገንዘቡ ለጊዜው ባይቀርም ባዶ ሕንፃ መስኮቱ ይሰበራል፣ አካባቢውም ይቀዘቅዛል፣ ሊሸጡት ቢፈልጉ ገዢ ይሸሻል። ብዙዎቹ የዎልግሪንስ ውሎች ደግሞ በርዕሳቸው 75 ዓመት ቢባሉም ተከራዩ ከ25ኛው ዓመት በኋላ የማቋረጥ መብት አለው፤ ስለዚህ መቆጠር ያለበት እስከ መጀመሪያው መውጫ ያለው ጊዜ ነው። ግዢው ከመጠናቀቁ በፊት ተከራዩ ኢስቶፔል የሚባለውን የማረጋገጫ ደብዳቤ ፈርሞ ኪራዩ ስንት እንደሆነ፣ ውዝፍ ወይም ክርክር እንደሌለ፣ ከሻጩ ጋር የተደበቀ ስምምነት እንደሌለው ራሱ እንዲመሰክር መጠየቅ ግዴታ ነው። የዚያ ቅርንጫፍ ሽያጭ ስንት እንደሆነ ማወቅም ትልቅ ጥቅም አለው፤ ተከራዩ በውሉ ካልተገደደ አይነግርም፣ ቢሆንም መጠየቁ አይከፋም። ቅዳሜ ከሰዓት ሰው ልኮ የመኪና ማቆሚያውን ማስቆጠር ከብዙ የደላላ ሰነድ የበለጠ ይናገራል።

በዋሽንግተን አካባቢ ብዙ ወገኖቻችን የነዳጅ ማደያ ስለሚያውቁ ማደያን እንደ መጀመሪያ ምርጫ ያዩታል። እዚያ ላይ ጥንቃቄው እጥፍ ነው። ከመሬት በታች የተቀበሩ ታንኮች ቢያፈሱ ጽዳቱ ከሕንፃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ሱፐርፈንድ የሚባለው የ1980 የአካባቢ ሕግም፣ ነዳጅን በራሱ ባይነካም፣ ቀድሞ የልብስ ኬሚካል እጥበት በነበረበት መሬት ላይ የዛሬውን ባለቤት ስላላደረገው ብክለት ሊጠይቀው ይችላል። ከግዢ በፊት የሚሠራ፣ የመሬቱን የብክለት ታሪክ የሚመረምር ፌዝ ዋን የተባለ ጥናት ለገዢው የሕግ መከላከያ ይሰጠዋል፤ ከግዢ በኋላ ቢሠራ ግን መከላከያው የለም።

እዚህ ላይ አንድ የጎን ነገር ላንሣ። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ ወይም በዲሲ ዩ ስትሪት አካባቢ ምግብ ቤት የከፈቱ ኢትዮጵያውያን ትሪፕል ኔትን የሚያውቁት ከከፋዩ ወገን ነው፤ የንብረት ግብሩ በጨመረ ቁጥር ሒሳቡ ለእነርሱ ይላካል፣ ውሉን የሚፈርሙትም ቤታቸውን እስከ ማስያዝ በሚደርስ የግል ዋስትና ነው። እንዲህ ያለ ሰው ትልቅ የኪራይ ሕንፃ በሌላ ግዛት ከመግዛቱ በፊት ራሱ የሚሠራበትን ቤት መግዛት ቢያስብ ብዙ ጊዜ ይሻለዋል። የአሜሪካ የአነስተኛ ንግድ አስተዳደር 504 የሚባለው ብድር፣ መስፈርቱን ለሚያሟላና ከነባሩ ሕንፃ ቢያንስ 51 በመቶውን ራሱ ለሚጠቀም ነጋዴ፣ በ10 በመቶ ቅድመ ክፍያ እንኳ ሊሰጥ ይችላል። ይህ ግን በውጭ ለሚኖረው ገዢ አይሆንም።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ በቀላሉ የሚገባ ሌላ ዓይነት ዕቃም በገበያው አለ፤ ሕንፃው የሚሸጥ ሆኖ መሬቱ የሌላ ሰው የሆነበት ነው። በኢትዮጵያ የከተማ ቦታ በሊዝ የያዘ ሰው ዘመኑ እየቀነሰ ሲሄድ ምን እንደሚሰማው ያውቃል። በአሜሪካም እንዲህ ያለ ሕንፃ ርካሽ የሚመስለው፣ የመሬቱ ኪራይ ዘመን ሲያልቅ ሕንፃው ለመሬቱ ባለቤት ስለሚሆን ነው። በአንጻሩ መሬቱን ገዝቶ ለባንክ ወይም ለምግብ ቤት ማከራየትና ተከራዩ በራሱ ወጪ እንዲገነባበት ማድረግ ካፕ ሬቱ ዝቅ ያለ፣ እንቅልፍ የማይነሣ ምርጫ ነው፤ ተከራዩ ቢወጣ ሕንፃው ለባለመሬቱ ይቀራልና።

ግብሩ ላይ ስንደርስ የውጭ ገዢው ከአሜሪካዊው የሚለይበት ቦታ ይታያል፤ ከዕቃው ሁሉ ደካማው ጎንም ይህ ነው። አሜሪካ የማይኖርና ዜጋም ያልሆነ ሰው ምንም ምርጫ ካላደረገ ከጠቅላላ ኪራዩ 30 በመቶ ይቀነስበታል፤ ተከራዩ በስሙ የሚከፍለው የንብረት ግብርም እንደ ኪራይ ይቆጠራል። በምሳሌያችን የንብረት ግብሩ 14,000 ዶላር ቢሆን፣ 30 በመቶው የሚሰላው ከ126,000 ዶላር ላይ ስለሆነ 37,800 ዶላር ይሄዳል። ገዢው ገቢው ከአሜሪካ ንግድ ጋር እንደተያያዘ ተቆጥሮ በተጣራው ላይ ግብር እንዲከፍል ከመረጠ ግን ወለዱን፣ ወጪውንና የሕንፃውን እርጅና፣ ማለትም በ39 ዓመት ተከፋፍሎ በየዓመቱ እንደ ወጪ የሚቆጠረውን የሕንፃ ዋጋ፣ ይቀንሳል፤ የሚቀረው ግብር የሚከፈልበት ገቢ ከፊተኛው በብዙ ያነሰ ነው። ለዚህ የግብር መለያ ቁጥር ማውጣት፣ ለተከራዩ ተገቢውን ቅጽ መስጠትና በየዓመቱ በጊዜው ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ በጣም የዘገየ ሰው የወጪ ተቀናሾቹን ሊከለከል ይችላል። በአንድ የውጭ አገር ሰው ብቻ የተያዘ ኤልኤልሲ 5472 የተባለውን የመረጃ ቅጽ ባያስገባ ቅጣቱ 25,000 ዶላር ነው። በሽርክና የተያዘ ከሆነ ደግሞ ኤልኤልሲው ለውጭው ግለሰብ ከሚደርሰው ግብር የሚከፈልበት ትርፍ ላይ 37 በመቶ አስቀድሞ ይከፍላል፤ በብልጫ የተከፈለውን መልሶ ለመቀበል ዓመታዊ ማሳወቂያውን መጠበቅ ግድ ነው። ኢትዮጵያም ሆነች የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላቸው በእነዚያ አገሮች የሚኖር ሰው ከስምምነት የሚያገኘው ማቃለያ የለም።

ሲሸጡትም ጉዳዩ አያልቅም። ፈርፕታ በተባለው የ1980 ሕግ መሠረት ሻጩ የውጭ ሰው ከሆነ ገዢው ከጠቅላላው የሽያጭ ዋጋ 15 በመቶ ቀንሶ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ይልካል። በ1.6 ሚሊዮን በተሸጠ ሕንፃ ላይ ይህ 240,000 ዶላር ነው፤ ሻጩ በኪሳራ ቢሸጥ እንኳ መጀመሪያ ይቀነስና በኋላ ይመለሳል፤ አስቀድሞ የመቀነሻ የምስክር ወረቀት ካልተጠየቀ መመለሱ ወራት ይወስዳል። ከሁሉ የከፋው ግን የውርስ ግብር ነው። በአሜሪካ ነዋሪ ላልሆነ የውጭ ሰው ከውርስ ግብር ነፃ የሚሆነው የመጀመሪያው 60,000 ዶላር ብቻ ነው፤ ለዜጋና ለነዋሪ ግን በ2026 15 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። ከፍተኛው ተመን 40 በመቶ ነው። በግል ስሙ የ800,000 ዶላር ድርሻ ይዞ የሞተ የዱባይ ነዋሪ ለልጆቹ ሕንፃ ብቻ ሳይሆን ዕዳም ያወርሳል። እንግሊዝንና ጀርመንን ጨምሮ ከጥቂት አገሮች ጋር የውርስ ስምምነት ስላለ እዚያ የሚኖር ሰው ሁኔታው ይለያል። የባለቤትነቱ አወቃቀር ከግዢ በፊት በግብር ጠበቃ መታየት አለበት፤ ከግዢ በኋላ ማስተካከል ራሱ ግብር ሊያስከትል ይችላል።

ብድርም እንደሚታሰበው አይረዳም። ባንኮች ከውጭ ገዢ ብዙ ጊዜ ከዋጋው 40 ወይም 50 በመቶ በእጅ ይጠይቃሉ። በ1.6 ሚሊዮን ሕንፃ ላይ 800,000 ዶላር በ6.75 በመቶ ወለድ፣ በ25 ዓመት አከፋፈል ቢወሰድ ዓመታዊ ክፍያው 66,300 ዶላር ገደማ ነው። ከኪራዩ የሚተርፈው 45,700 ዶላር ከራስ ኪስ በወጣው 800,000 ዶላር ላይ 5.7 በመቶ ይሆናል፤ ካለ ብድር ግን 7 በመቶ ነበር። ከክፍያው ጥቂቱ ዋናውን ዕዳ እንደሚቀንስ አልክድም፤ ነገር ግን ወለዱ ከካፕ ሬቱ በተቀራረበ ዘመን መበደር ትርፍን ሳይሆን ስጋትን ያበዛል። ወለድ በሃይማኖቱ ምክንያት የማይበደር ገዢ በዚህ ዕቃ ላይ ብዙ የሚያጣው ነገር የለም።

ይህን ሁሉ ለማይፈልግ ሰው በአክሲዮን ገበያ ያለው አማራጭ ከሕንፃው ጋር መወዳደር አለበት። ሪልቲ ኢንከም የተባለው ድርጅት በ1969 በካሊፎርኒያ አንድ የታኮ ቤል ሕንፃ በመግዛት ጀምሮ ዛሬ ከ15,000 በላይ ንብረቶች አሉት፤ ከ1994 ጀምሮ በኒውዮርክ ገበያ ይሸጣል፤ የትርፍ ድርሻ የሚከፍለውም በየወሩ ነው። ዶላር ጄኔራልም ዎልግሪንስም ተከራዮቹ ናቸው፤ ልዩነቱ ከጠቅላላ ኪራዩ ትልቁ ተከራይ እንኳ ከ4 በመቶ በታች የሚይዝ መሆኑ ነው። አንድ መድኃኒት ቤት ቢዘጋ የእኛን ዓይነት ባለቤት ዓመታት ያንገላታዋል፤ እነርሱ ጋ ግን በሩብ ዓመት ሪፖርት ውስጥ አንድ መስመር ይሆናል። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ዶላርም አያስፈልግም፤ በአንድ አክሲዮን ዋጋ ይጀመራል፣ ሰኞ ሊሸጡት ቢፈልጉ ሰኞ ይሸጣል። ጥቂት አክሲዮን ለያዘ ሰው የፈርፕታ 15 በመቶም አይመለከተውም። ጉድለቱም ግልጽ ነው፤ ስምምነት በሌለው አገር ለሚኖር ሰው ከትርፍ ድርሻው 30 በመቶ ይቀነሳል፣ የውርስ ግብሩ ለአክሲዮኑም ይደርሳል፣ ዋጋውም በየቀኑ ይዋዥቃል፤ በ2020 መጀመሪያ 80 ዶላር ገደማ የነበረው በኦክቶበር 2023 ከ50 በታች ወርዶ ነበር። የሕንፃው ዋጋም በዚያው ጊዜ ወርዷል፤ ዕለታዊ ዋጋ ስለማይለጠፍበት ብቻ ባለቤቱ አላየውም።

እንግዲህ ለማን ይሆናል? ለአንድ ሕንፃ ከሀብቱ ከሩብ የማይበልጥ የሚያወጣ፣ አሜሪካ ውስጥ የሚያምነውና ሒሳብ የሚችል ሰው ያለው፣ አሥር ዓመት ሳይሸጥ መቆየት የሚችል ገዢ ቢገዛው አልቃወምም፤ በተለይ ኪራዩ ከአካባቢው ገበያ በታች የሆነ፣ የሕዝቡ ቁጥር በሚጨምርበት ከተማ ትልቅ መንገድ ዳር የሚገኝ መሬት ካገኘ። በእቁብና በዘመድ ብድር አሰባስቦ ያለውን ሁሉ በአንድ መደብር ላይ ለሚያፈስ ሰው ግን አልመክርም፤ አንድ ተከራይ ያለው ሕንፃ ወይ መቶ በመቶ የተከራየ ወይ መቶ በመቶ ባዶ ነው፣ መካከል የለውም። እንደ ዕቃ ከአምስት ሦስት እሰጠዋለሁ፤ ለአሜሪካ ነዋሪ ብገመግመው አራት እሰጠው ነበር።

የእኛ ሕንፃ ዛሬ ያለበትን ልንገራችሁ። የዋናው ውል ዘመን ሊያልቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ተከራዩ በአማካሪ በኩል ደብዳቤ ላከልን፤ ኪራዩን ከቀነስን ውሉን አስቀድሞ ለተጨማሪ አሥር ዓመት እንደሚያራዝም የሚገልጽ ነበር። እንዲህ ያለ ደብዳቤ በዚህ ገበያ የተለመደ ነው፤ ለብዙ አከራዮች በአንድ ጊዜ ይላካል፣ የሚደነግጠው ቀድሞ ይፈርማል። እኛ ተመሳሳይ ሕንፃዎች በዚያ መንገድ ላይ በስንት እንደተከራዩ አስጠናንና ኪራያችን ከገበያው ብዙም እንዳልራቀ አየን። የመለስንላቸው መልስ መጠነኛ ቅናሽ እንቀበላለን፣ ነገር ግን በአምስተኛው ዓመት 10 በመቶ ጭማሪ ይኑረው፣ የጣሪያው ጥገናም በግልጽ ወደ ተከራዩ ይዙር የሚል ነው። ጣሪያውን ተቀብለዋል፤ በጭማሪው ላይ ገና እየተደራደርን ነው።